ለዘር የቀረችው ጎመን

አጥሬ ሥር አንዲት ጎመን አለች። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ቅጠሏ ሰፊ ነው፣ አንድ የትል ቀዳዳ የለበትም። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። «ውይ! ይቺን አትቀነጥሺያትም እንዴ?» ይለኛል። አልቀነጥሳትም። ለዘር ናት።

ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር መከራከር ትቷል። ባለፈው ፍልሰታ ከመደቡ ላይ የሚቀነጠሰው ሁሉ አልቆ፣ ገበያ ወጥቼ ሁለት እስር ጎመን ገዝቼ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ነበር። እስሩን አየ። ጎመኗን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ምንም አላለም።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ የእንጦጦን ዳገት ስትጨርሱ ከፊታችሁ የሚዘረጋው ሜዳ። ያደግኩት ግን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ስለ እርሻ የማውቀው ነገር አልነበረም። እዚህ 200 ካሬ አገኘን፣ ቤቱ ግማሹን ወሰደ፣ መኪና ስለሌለን የቀረው ሁሉ የእኔ ሆነ። «ጓሮዬ» ስል ይህንኑ ነው፤ ብዙ አታስቡ።

ሱሉልታ ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስትነሱ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውርጭ የመታው የድንች ቅጠል በአንድ ሌሊት እንደተቀቀለ ጠቁሮ ያድራል። ቲማቲምማ እዚህ አገር መኖሩን አምኖ የተቀበለ አይመስለኝም፤ ግድግዳ አስደግፌ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ ለምኜ ነው የማሳድገው። ጎመን ግን እዚህ ቤቷ ነው። ጎመን በጤና የሚለው ሰው ሱሉልታ ሳይኖር አይቀርም።

ዘር መያዝ የጀመርኩት ከፍቅር ተነስቼ አይደለም። ከንፍገት ነው። የፓኬት ዘር ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ከተከልኳቸው 40 ችግኞች አንዷ ከሁሉም ቀድማ አበባ ስታወጣ «በነፃ!» ብዬ ዘለልኩ። ቀድማ ስለደረሰች ጎበዟ እሷ መሰለችኝ። ዘሯን ለቅሜ በዓመቱ ሰኔ ላይ ዘራሁ። ጥሩ በቀሉ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው ግን አንድ ላይ እንደተማከሩ ሁሉ ቅጠሉን ትተው ወደ አበባ ሮጡ። ያን ክረምት ከጓሮዬ ሦስት ድስት ጎመን እንኳ አልወጣም።

ከአጥሬ ማዶ አንዲት ባልቴት አሉ። አዴ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ የነበረው የባቄላ ማሳ ዛሬ ብሎኬት ማምረቻ ሆኗል፣ እሳቸው ግን በቀረቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ ራፉ ይተክላሉ። ራፉ በኦሮምኛ ጎመን ማለት ነው። መጥተው ቢጫ አበባ የለበሰውን መደቤን አዩ።

«ዘሩን ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ ነው። ቀድማ ካበበችዋ።»

«ቀድማ ካበበችዋ!» ሳቁብኝ። «እሷማ ችኩል ናት። የችኩል ልጅ ምን ልትሆን ነበር?»

ከልጓም ዘር ይስባል የሚለውን ተረት ሰው ላይ ሲጠቀሙበት አልወድም። ጎመን ላይ ግን አበቃ፣ እውነት ነው። ቅጠሉን የምንበላውን ተክል ስንመርጥ ወደ አበባ ለመሄድ የምትዘገየዋን ነው መያዝ ያለብን። የምትዘገየዋ ደግሞ ስትበላ የምትጣፍጠው፣ ቅጠሏ የማያልቀው፣ እንግዳ ሁሉ የሚመኛት ናት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሰው የማይፈልጋትን ለዘር ማስቀረት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ምርጧን መተው ነው።

ከዚያ ወዲህ የመረጥኳት ግንድ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። አንዳንዱ እንግዳ ለቡዳ ያሰርኩት ይመስለዋል። አላርመውም። እንዲያውም እጅ ያስሰበስባል። አንዷን ብቻም አልይዝም፤ ከእሷ ጋር አምስት ስድስት ሌሎችን አስቀራለሁ። የጎመን አበባ ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ትንሽ ትንሽ ማመላለሷ አይቀርም። ከአንድ እናት ብቻ ዓመት ከዓመት ዘር መውሰድ ደግሞ ዘሩን ያደክመዋል።

ስለ ጎመን ዘመዶች ሳነብ አንድ ነገር አስደነቀኝ። የሐበሻ ጎመን የሁለት ተክሎች ልጅ ናት። አንዱ ወላጇ ሰናፍጭ ነው፣ ሌላው የጥቅል ጎመን ወገን ነው። ይህን በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳየው ጃፓን ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ኮሪያዊ የሆነ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሂሳቡ የልጅ ሂሳብ ነው፤ ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፣ ጥቅል ጎመን 9፣ የእኛዋ ጎመን 17። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጥሬ ጎመን ቅጠል ሳኝክ አፍንጫዬን ትንሽ ቆንጠጥ የሚያደርገኝ ነገር ሰናፍጩ ወላጇ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዘሩን መሰብሰብ የራሱ ጣጣ አለው። አበባው ሲረግፍ ጎመኗ እንደ ጣት ቀጠን ያሉ ከረጢቶች ታወጣለች፤ ዘሩ እዚያ ውስጥ ተሰልፎ ይተኛል። አረንጓዴ ሆኖ ከተቆረጠ አይበስልም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከተጠበቀ ደግሞ ከረጢቱ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፣ ከዚያ የተረፈውን ወፍ ትቀድማችኋለች። አብዛኛው ከረጢት የገለባ ቀለም ሲይዝ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ፣ ከነግንዷ እቆርጣታለሁ። ጤዛው እንዳይፈነዳ ይይዝልኛል። ከዚያ በረንዳ ላይ ቁልቁል ሰቅዬ ከሥሯ አሮጌ አንሶላ አነጥፋለሁ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆናት አንሶላው ላይ ጥዬ ልጆቼን «ጨፍሩበት» እላቸዋለሁ። ከሥራው ሁሉ የሚወዱት ይህቺን ነው። የቀረው የሰፌድ ሥራ ነው። ሰፌድ ማበጠር ሽሮ ሜዳ አልተማርኩም ነበር፤ አዴ ናቸው ያስተማሩኝ። መጀመሪያ ሰሞን ዘሩን ለነፋስ ሰጥቼ ገለባውን ይዤ እቀር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የቅመም ሱቅ የዘር ሱቅም ነው። ምጣድ ለማሰስ የምንገዛው ጎመን ዘር፣ ካልተቆላና ካላረጀ፣ መሬት ውስጥ ሲገባ ጎመን ሆኖ ይወጣል። ድንብላልም እንደዚያው። ለበርበሬ ከመርካቶ የገዛሁትን ድንብላል አንድ እፍኝ በተንኩት፣ ሰፈሩን አዳረስኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘር እየፈጨሁ መብላቴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይገራም። ከአንድ ሱቅ በውድ የገዛሁት የቲማቲም ዘር ነበር። ፍሬው አንድ ዓይነት፣ ድፍን፣ እንደ ፎቶው። «ይሄንንማ አልለቅም» ብዬ ምርጡን ለዘር አስቀረሁ። የቲማቲም ዘር እንዲሁ አይደርቅም፤ ዙሪያውን የሚያሙለጨልጭ ነገር ሸፍኖታል፣ እሱ ደግሞ ዘሩን እንዳይበቅል ይይዘዋል። ስለዚህ ከነውሃው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ይሸታል፤ ባለቤቴ ጠላ የጠመቅኩ መስሎት ብርጭቆውን አሽትቶ ተጸጽቷል። ከዚያ አጥቤ፣ ሳህን ላይ በትኜ አደረቅኩት። በዓመቱ ስዘራው አንዱ ትንሽ ክብ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ጭራሽ ፍሬ አልያዘም። ለካ ዲቃላ ዘር ኖሯል። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚሰጡት የመጀመሪያ ትውልድ ያማረ ይሆናል፤ የእሱ ልጆች ግን ወደየአያቶቻቸው ይበተናሉ። ሱቁ አልዋሸኝም፤ ፓኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። አሁን ለዘር ስፈልግ ዲቃላ ያልሆነውን ጠይቄ ነው የምገዛው።

ይህን ሁሉ ስህተት እየሳቅኩ አወራዋለሁ። አንዱን ግን አልስቅበትም።

እማዬ ሽሮ ሜዳ ግቢያችን አጥር ላይ አደንጓሬ ነበራት። አበባዋ ቀይ፣ ፍሬዋ ደግሞ ሐምራዊ ሆኖ ጥቁር ዥንጉርጉር ያለበት። ልጅ ሳለን በፍሬው እንጫወት ነበር እንጂ ንፍሮ እንደሚሆን አናስበውም። እማዬ ስታርፍ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አንድ የሻይ ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍት አመድ ነው። አመዱ ውስጥ እጄን ስሰድ አደንጓሬዎቹ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አመዱ ቆሻሻ መሰለኝ። ደፋሁት። ፍሬዎቹን በውሃ አጠብኳቸው፣ በፎጣ ጠረግኳቸው፣ እንደ ዕንቁ ሲያበሩ በፌስታል ጠቅልዬ ከፎቶዋ ጋር ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰባት ዓመት እዚያ ነበሩ። ቤት ስንቀይር በእጄ ይዤ ነው የተጓዝኩት።

የሱሉልታው መሬት ሲገኝ 23 ፍሬ ነበሩ፣ 23ቱንም አጥሩ ሥር ቀበርኳቸው። ሁለት ሳምንት። ሦስት ሳምንት። ምንም። በአራተኛው ሳምንት አንዷን ቆፍሬ አወጣኋት። በጣቴ ስነካት ቂጣ ሊጥ ሆነች።

ዘር የተኛ ነገር ነው እንጂ የሞተ ነገር አይደለም። ተኝቶም ይተነፍሳል፣ ስንቁን ቀስ እያለ ይበላል። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ቶሎ ይበላና ስንቁ ያልቅበታል። የዘር ባለሙያዎች ሐሪንግተን በሚባል ሰው ስም የሚጠሩት አንድ ሕግ አላቸው። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። የሚቀመጥበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚሁ እጥፍ። ግምት ነው፣ ግን ይሠራል። እስራኤል ውስጥ ማሳዳ በሚባለው ጥንታዊ ምሽግ የተገኘ፣ 2,000 ዓመት ገደማ የሆነው የቴምር ዘር በ2005 እ.ኤ.አ. ተተክሎ በቅሏል። ስሙንም ማቱሳላ ብለውታል። በረሃው አድርቆ ጠብቆታል። እኔ ደግሞ የእማዬን አደንጓሬ አጥቤ፣ እርጥበቱን ፌስታል ውስጥ ቆልፌ፣ ከፍሪጁ በሚወጣው ሙቀት ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ ሕጉን አላነበበችም፤ አመዱ ግን እርጥበቱን ይመጥላት ነበር፣ ነቀዙንም ይከለክልላት ነበር። አዴ ደግሞ ባቄላቸውን ከጤፍ ጋር ነው የሚቀላቅሉት። ጤፏ በባቄላው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ትሞላና ነቀዝ መተላለፊያ ያጣል። በኋላ በወንፊት ይለዩታል። ጤፉም ይበላል፣ ባቄላውም ይዘራል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለ አለመብላት አሰብኩ። አለመብላት ቀላል ነገር አይደለም። በ1927 እ.ኤ.አ. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ አገራችን መጥቶ ነበር። ከራስ ተፈሪም ጋር ተገናኝቷል። በበቅሎ እየዞረ ስንዴና ገብስ ለቅሞ ወደ ሌኒንግራድ ወሰደ። ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማዋ በጀርመን ጦር ስትከበብ እዚያ ያለውን የዘር ክምችት ከሚጠብቁት ሠራተኞች በርካታዎቹ በረሃብ ሞቱ። ሩዙን የሚጠብቀው ሰው በሺዎች በሚቆጠሩ የሩዝ ፓኬቶች መካከል ሆኖ ነው ያለቀው። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. በአገሩ መንግሥት እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ዓለም እንዳይራብ እህል ሲለቅም የኖረ ሰው ምግብ አጥቶ።

በእኛም አገር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር የበላበት ቦታ ብዙ ነው። ማን ይፈርድበታል? ልጅ ፊት ለፊት ሲራብ የዘር እህል ምን ማለት ነው? ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የዘር ማከማቻ ነበር፤ በ1976 እ.ኤ.አ. በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመ፣ ዛሬ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው። ዳይሬክተሩ ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት እሳቸው ናቸው። እኔን የገረመኝ ሽልማቱ አይደለም። የዘር ማከማቻ ኃላፊ ሆነው ሳለ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ እንዳይቀር፣ በገበሬው እጅ በየዓመቱ እየተዘራ እንዲኖር መሟገታቸው ነው።

(እኔ ደግሞ ሁለት እስር ጎመን ስለገዛሁ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ራሴን መመደብ አማረኝ። ይቅርታ።)

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ ቁስቋም ሰፈር ለቅሶ ሄድኩ። ያረፈው የእማዬ የዕድር ጓደኛ ወንድም ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ንፍሮ በእጄ ይዤ፣ ዓይኔ በድንኳኑ ቀዳዳ ወጥቶ አጥሩ ላይ አረፈ። ቀይ አበባ። ከአበባው በታች የደረቀ ገለፈት ተንጠልጥሏል። አንዱ ተሰንጥቆ ውስጡ ሐምራዊ ሲያበራ አየሁት።

ለቅሶ ቤት ዘር አይጠየቅም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን በትክክል አላውቅም ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ስኳርና ቡና ይዤ ወደ እማዬ ጓደኛ ተመለስኩ።

«እትዬ፣ ያቺን አደንጓሬ ከየት አገኟት?»

«የቷን? አጥር ላይ ያለችውን? ከእናትሽ ነዋ! አንቺ ሳትወለጂ ነው የሰጠችኝ። በየዓመቱ ራሷ ከሥሯ ትነሳለች፣ እኔ ምን አደርጋታለሁ ብለሽ ነው።» ትንሽ ቆይተው፣ «አንቺ ጋ የለችም እንዴ?» አሉኝ።

የለችም አልኳቸው። እንዴት እንደጠፋች አልነገርኳቸውም።

11 ፍሬ ሰጡኝ። ከመስጠታቸው በፊት አንዷን ጥርሳቸው ላይ አድርገው ነከሱ። «ጥርስሽ ከገባ አልደረቀችም፣ አታስቀምጫት። ጥርስሽን ከመለሰችው ደርቃለች።» አሥራ አንዱም በቀሉ። አንዱን በግ በላው፣ ሁለቱን ውርጭ ዳግም እንዳይነሱ አድርጎ መታቸው። ስምንቱ ዛሬ አጥሬን ሸፍነውታል። በውርጭ ከላይ ይጠቁራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥራቸው ይነሳሉ።

አሁን የማስቀምጥበት መንገድ ተራ ነው። ባዶ የማር ብርጭቆዎች አሉኝ፣ ክዳናቸው የሚጠብቅ። ዘሩን ጥላ ላይ አደርቃለሁ፣ በወረቀት ፖስታ አደርጋለሁ፣ ፖስታውን ብርጭቆ ውስጥ። ከሥሩ የተቆላ ሩዝ አደርጋለሁ፤ እርጥበቱን ይስብልኛል። አመድም ሞክሬያለሁ፣ ይሠራል፣ ግን ባለቤቴ አንድ ቀን ቡና መስሎት ከፍቶት ነበር። ሁሉም ፖስታ ላይ ስምና ቀን እጽፋለሁ። ይህን የተማርኩት «ይሄን መቼም አልረሳውም» ብዬ ያልጻፍኩበት ፖስታ ስድስት ስለደረሰ ነው። ብርጭቆው ፍሪጅ ውስጥ ይገባል፤ አናቱ ላይ አይደለም። ሳወጣው ወዲያው አልከፍተውም። ቅዝቃዜው እስኪለቀው ካልጠበቅኩ ዘሩ ላይ ውሃ ያልበዋል። ሽንኩርት ከዓመት ሁለት ዓመት በላይ አያስተማምንም፣ ጎመንና ቲማቲም አራት አምስት ዓመት ይቆያሉ። በተጠራጠርኩ ጊዜ አሥር ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልዬ ሳምንት እጠብቃለሁ። ሰባት ከበቀለ እዘራዋለሁ። ሦስት ከሆነ አሁኑኑ፣ ብዙ አድርጌ እዘራዋለሁ።

የአደንጓሬውን ግን ብርጭቆ ውስጥ ከማስቀመጠው የማድለው ይበዛል። አዴ ጋ አለ። ልጄ ትምህርት ቤት አጥር ላይ አለ። ሰንዳፋ ያለች የሥራ ባልደረባዬ ጋ አለ። አንድ ሁለት ሰው እንደማይተክለው አውቃለሁ፣ ለቆንጆነቱ ነው የተቀበለኝ። ግድ የለም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደወሉልኝ። ቁስቋም መንገድ ሲሰፋ አጥሩ ተነስቷል። አደንጓሬዋም ከነሥሯ ወጥታ ከአፈሩ ጋር በገልባጭ መኪና ሄዳለች። ብዙ አላማረሩም፤ አዲሱ አጥር ቆርቆሮ ነው፣ ክር ወጥረው ሊያስወጧት አስበዋል።

«አንቺ ጋ አለች አይደል?»

«አለች እትዬ። ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ደርቃለች?»

ብርጭቆውን ከፍቼ ነበር። አንዷን አንስቼ ጥርሴ ላይ አድርጌ ነከስኳት። ድምፁ በስልክ ተሰማቸው መሰለኝ።

«ደርቃለች» አሉ።